እግሩን እያየን ልጁን አናባርር

ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ ቆዳ ነው። «ደግሞ ስለ ቆዳ ምን ይጻፋል? በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረነው የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። በእርግጥ ተምረነዋል። ሥዕሉን ስለን፣ ላይኛው ሽፋን፣ ውስጠኛው ሽፋን፣ ከሥሩ ያለው ስብ፣ የላብ ዕጢ፣ የፀጉር ሥር እያልን በየቀስቱ ጫፍ ጽፈን ለፈተና ሸምድደነዋል። ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። ነገ ተመድበን ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ሻምቡ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ገጠር ስንወጣ፣ ያ ሥዕል ፊታችን ለሚቀመጠው ባዶ እግር ልጅ ምን ይጠቅመዋል?

ቆዳ፣ በኦሮምኛ ጎጋ፣ የሰውነት አጥር ነው። የአንድ ትልቅ ሰው ቆዳ ተዘርግቶ ቢለካ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ጀርም እንዳይገባ ይከላከላል፣ ውኃ እንዳይባክን ይይዛል፣ በላብ ያቀዘቅዘናል፣ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን ይነግረናል። ላይኛው ሽፋን በ4 ሳምንት ገደማ እየረገፈ በአዲስ ይተካል። ራሱን በራሱ የሚጠግን አጥር ማለት ይኸው ነው። ይሁን እንጂ አጥርም ሁልጊዜ በአንድ በኩል ከተገፋ መላላቱ አይቀርም። በእኛ አካባቢ የሚላላው ደግሞ በእግር በኩል ነው።

ወለጋን የሚያውቅ ሁሉ ቀዩን አፈር ያውቃል። ቡናውንም በቆሎውንም የሚያበቅልልን እሱ ነው። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ ብዙ ዝናብ የሚጠግብ፣ በበጋ ደግሞ እንደ ዱቄት የሚቦን አፈር ነው። በውስጡ ግን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። ባዶ እግር ዓመት ከዓመት ሲረግጠው ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል ይገቡና ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ሄደው ይደፈናሉ፤ ፈሳሹም መውጫ አጥቶ እግር ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ እግሩን ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል። ቀጥሎ ማታ የሚያብጥ፣ ጠዋት የሚጎድል እብጠት ይመጣል። ዝም ከተባለ ግን እብጠቱ አይመለስም፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ይህንን ነው።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ይህንን በሽታ ያጠኑት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ ሐኪም «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም ሰጡት። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን እግርንና አቧራን ያጣመረ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ቸል ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ መደበው። በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት ደግሞ እዚሁ ምዕራብ ወለጋ፣ ጉሊሶ ወረዳ ውስጥ፣ የሕመምተኛው ቁጥር 2.8 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ከ100 ሰው 3 ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ይህ እንግዲህ ስለ ሩቅ አገር የሚወራ ነገር አይደለም፤ የምንመደብበት ቀበሌ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንምጣ። የዚህ በሽታ ግማሹ ሕመም እግር ላይ ነው፤ ግማሹ ሰው አፍ ላይ ነው። «እርግማን ነው»፣ «የዘር ነው»፣ «አጠገቡ አትቀመጥ ይጋባብሃል» ይባላል። በዚህ ወሬ ትዳር ይፈርሳል፣ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። እውነቱስ? ከቀይ አፈር የሚመጣው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ገበታ ቢበሉ፣ በአንድ ዴስክ ቢቀመጡ፣ ቢጨባበጡ አይጋባም። በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ በምዕራቡ ቆላ አለ፤ እሱም ቢሆን አብሮ በመቀመጥ አይመጣም። «ታዲያ ለምን በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይይዛል?» ለሚለው ደግሞ መልስ አለው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንዳመለከተው አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ለዚያ ቅንጣት የበለጠ ይጋለጣል፤ ይህም በቤተሰብ ሊወረስ ይችላል። ዳሩ ግን እግሩ አፈሩን ካልነካ በሽታው አይመጣም። ስለዚህ የዚያ ቤት ልጅ ከማንም በፊት ጫማ የሚያስፈልገው ልጅ ነው እንጂ የሚሸሽ ልጅ አይደለም።

እኛ መምህራን የምንሆነው ሰዎችስ ከየትኛው ወገን ነን? በአንዳንድ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የንጽሕና ቁጥጥር ሲደረግ ሁላችንም አይተናል። እግሩ የቆሸሸ ውጣ! ጫማ የሌለው ውጣ! የሚያሳክከው ወደ ቤትህ! ልጁ በጓደኞቹ ፊት አፍሮ ይሄዳል፤ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። እስቲ እንጠያየቅ፤ ቤት ሄዶ ጫማ ከየት ያመጣል? ሳሙና ቢኖር ኖሮ ታጥቦ አይመጣም ነበር ወይ? ይህ ዓይነቱ ቁጥጥር ቆሻሻውን ሳይሆን ልጁን ጠርጎ ያወጣል።

«እከክና ቆረቆር እኮ ይተላለፋል፤ ሌሎቹን ማን ይጠብቅልን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እከክ ዓይን በማያያት ጥቃቅን ነፍሳት የሚመጣ፣ ሌሊት የሚብስ በሽታ ነው። መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል። ቆረቆርም የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል እንጂ ራስን በመላጨት ብቻ አይድንም። እንግዲህ ለሁለቱም የሚያስፈልገው ልጁን ከወላጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ መላክና መታከሙን መከታተል ነው። መርምሮ ማባረር ሌላ፣ መርምሮ ማሳከም ሌላ። ሥጋ ደዌም ቢሆን መጀመሪያ የሚታወቀው የማያሳክክና ስሜት የሌለው ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ቆዳ ላይ ሲታይ ነው። ቶሎ ከተገኘ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ ነፃ መድኃኒት ይድናል። ያን ምልክት ከእናት ቀጥሎ ልጁን በየቀኑ የሚያየው መምህሩ ካላስተዋለ ማን ያስተውለዋል?

ዝሆኔ የያዘውም ሰው ቢሆን ተስፋ አልተቆረጠበትም። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሙከራ፣ እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቆዳውን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማጥለቅ፣ ትኩሳት እያስከተለ አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ጫማ! ከዚህ ውስጥ ገጠር የማይደርስ የትኛው ነው?

ስለሆነም ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እንዲህ ብናደርግ እንላለን።

አንደኛ፣ የቆዳን ትምህርት ከሰሌዳው ወደ ደጅ እናውጣው። አንድ ሳፋ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ አንድ ሳሙና ይበቃል። መጀመሪያ መምህሩ ራሱ ጫማውን አውልቆ ይታጠብ፤ ከጣት እስከ ተረከዝ፣ በጣቶቹም መካከል። ከዚያ ማድረቅ፣ ቀጥሎ ቫዝሊን። የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለጀርም በር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጫማ እውነቱን እንንገራቸው። በረባሶ ከምንም ይሻላል እንጂ አፈሩን አይከለክልም። የኮንጎ ጫማ ይከላከላል፤ ነገር ግን ያልባል፤ ማታ አውልቆ እግርንም ጫማንም ማድረቅ ያስፈልጋል። ጫማውን ለገበያና ለበዓል ቀን የሚቆጥብ፣ መንገድ ላይ በእጁ ይዞ የሚሄድ ብዙ ሰው አለ። ጫማ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እርሻና ቡና ለቀማ ላይ መሆኑን ልጆቹ ለወላጆቻቸው ይዘው ይሂዱ።

ሦስተኛ፣ እግሩ ያበጠን ልጅ ኋላ ጥግ አናስቀምጥ። እንደማንኛውም ልጅ መሐል ይቀመጥ። የክፍሉ ተማሪ መምህሩ የሚያደርገውን ያደርጋል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በጊዜ እንንገራት፤ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ገና የሚመለስ እግር ነው።

ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለን። ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ይህንን የሳፋ ትምህርት እዚሁ ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ አሠሩን። ሥዕሉን መሳል እንችላለን፤ የሰው ልጅ እግር ፊት በርከክ ማለትን ግን አልተለማመድንም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። የተለየ አስተያየት ያለው ጽፎ ከጎናችን ይለጥፍ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።