ከየት ነው የወደቀው?

ድራፍት ስል ቢራው ትዝ ያላችሁ ይቅርታ፤ የማወራው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ድራፍት ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ 32ቱ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ። ጋዜጠኞች ደግሞ ከወራት በፊት ጀምረው በአንደኛው ዙር ማን የት እንደሚገባ ይተነብያሉ። እኛም ዶርም ውስጥ እንከራከርበታለን፤ ደስ ይላል። ግን ትንቢቱ ሲከሽፍ ማን ይጠየቃል?

እስቲ እ.ኤ.አ. የ2025ቱን እንይ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲውን ኳርተርባክ ሸዱር ሳንደርስን ብዙዎቹ ገማቾች በአንደኛው ዙር አስገብተውት ነበር። ስሙ የተጠራው ግን በሦስተኛው ቀን፣ በአምስተኛው ዙር፣ 144ኛ ሆኖ ነው። «ወደቀ» ተባለ። ከየት ነው የወደቀው? ጋዜጠኞች ካስቀመጡት ቦታ ነዋ!

«ግምት እኮ ጨዋታ ነው፤ ካም ዋርድ አንደኛ ይሆናል ብለው አግኝተውት የለ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ አትገምቱ አልልም። ቡድኖቹም ይሳሳታሉ። በ2000 ቶም ብሬዲ የተመረጠው 199ኛ ነው፤ በኋላ ሰባት ጊዜ ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ነገር ግን ቡድን ሲሳሳት ሜዳ ላይ ዋጋውን ይከፍላል። ጋዜጠኛ ሲሳሳት ለከርሞ ሌላ ዝርዝር ያወጣል፣ አለቀ።

ስለዚህ ነገ ወደዚህ ሙያ የምንገባ ተማሪዎች ግምታችንን ከነምክንያቱ እንጻፍ። ከምርጫው ማግስት ደግሞ ስንቱን እንደሳትን እዚያው ገጽ ላይ እናውጣ። ከራሴ ልጀምር፦ ሸዱር ከመጀመሪያዎቹ አሥር አይወጣም ብዬ ድርቅ ብዬ ተከራክሬያለሁ። ተሳስቻለሁ።