ለበሬው እቁብ፣ ለውሻው ዱላ?

መስቀል ሲደርስ እኛ የሙዱላ ልጆች ከያለንበት እንሰባሰባለን። ወንዶቹ ለበሬ፣ እናቶቻችን ለቅቤ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። ግቢ ጠባቂው ውሻስ? ውኃ የቋጠረ ጥሬ ሳንባና ጉበት ይወረወርለታል። «ይብላ እንጂ፣ በዓል ነው!» እንላለን። ቸርነት መሰለን! ያ ቋጠሮ በውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉም ከኩሱ ተነስቶ ወደ ልጆቻችን አፍ ይመለሳል።

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 የሚታሰበው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚውለው በመስቀል ማግስት ነው። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን ማስከተብ ግን ይቻላል። እኛ ሳናስከትብ ቆይተን፣ ሲያብድ ዱላ እናነሳለን።

«አቅም የለንም» አንበል። ለበሬ ዓመቱን ሙሉ የሚያዋጣ ሰው ለአንድ መርፌ አያንስም። ዘንድሮ ከበሬው ሒሳብ ለክትባት እንቀንስ፤ የተበላሸውንም ሳንባ አቃጥለን ወይም በጥልቅ ጉድጓድ እንቅበረው።