በሽታ ግንባር ለይቶ አይመታም

ጦርነት ሰውን የሚፈጀው በጥይትና በመድፍ ብቻ እንዳልሆነ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሠራዊት በተሰበሰበበት፣ ሕዝብ ከቀዬው በተፈናቀለበትና ንጹሕ ውኃ በታጣበት ስፍራ ሁሉ ተስቦ፣ ግርሻ፣ ተቅማጥና ወባ ተከትለው ይገባሉ። ይህን በቁጥር ያረጋገጡት የጤና ተመራማሪዎች ናቸው፤ ተዋጊዎችን የሚገታውን አንቀጽ የጻፉት ደግሞ የዓለም አቀፍ ሕግ ሊቃውንት ናቸው። ሁለቱም በየፊናቸው ተጉዘው የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ነው። የጦርን ሕግ የሚያከብር ሠራዊት ራሱንና ሕዝቡን ከወረርሽኝ ይጠብቃል፤ ሕጉን የሚጥስ ግን በሽታን ወደ ገዛ ሰፈሩ ይጠራል።

እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1856 በተካሄደው የክራይሚያ ጦርነት ከሞቱት ከ20,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች መካከል ወደ 16,000 የሚሆኑትን የገደላቸው በሽታ ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ይህንን አኃዝ በሥዕላዊ መግለጫ አቀናብራ ለመንግሥቷ ባቀረበች ጊዜ፣ የሆስፒታልና የሰፈር ንጽሕና ጉድለት ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ ግልጽ ሆነ። በሰርቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 መጨረሻ የተነሣው ተስቦ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ተጨናንቀው የታጎሩ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ምርኮኞች ነበሩ። ተስቦን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗን ሻርል ኒኮል ቱኒስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1909 አረጋግጦ ነበር። ቅማሏ ከምርኮኛው ወደ ዘበኛው፣ ከዘበኛው ወደ ከተማው ስትሻገር የጠየቃት አልነበረም። በአገሪቱ ከነበሩት ወደ 400 ከሚጠጉ ሐኪሞች ከመቶ የሚበልጡት ሕይወታቸውን አጥተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቁት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የተጻፉት እንዲህ ያለውን መከራ በማስታወስ ነው። የመጀመሪያው ስምምነት 12ኛ አንቀጽ ቁስለኛና በሽተኛ ወገኑ ሳይለይ እንዲታከም፣ የሕክምና ተራም በሕመሙ አስቸኳይነት ብቻ እንዲወሰን ያዛል፤ ለተላላፊ በሽታ በሚያጋልጥ ሁኔታ ውስጥ ማስቀመጥንም ይከለክላል። ሦስተኛው ስምምነት ማራኪው ወገን ወረርሽኝን ለመከላከል የካምፑን ንጽሕና እንዲጠብቅና ምርኮኞችን ቢያንስ በየወሩ እንዲያስመረምር፣ በተለይም የሳንባ ነቀርሳን፣ ወባንና የአባላዘር በሽታን እንዲከታተል ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተጨመሩት ሁለቱ ፕሮቶኮሎች፣ በአንድ አገር ውስጥ ለሚካሄድ ጦርነት የወጣው ሁለተኛው ጭምር፣ ሕዝቡን ለማስራብ ሲባል የመጠጥ ውኃ ተቋማትን ማጥፋትን ከልክለዋል። ኢትዮጵያ ስምምነቶቹን እ.ኤ.አ. በ1969፣ ፕሮቶኮሎቹን በ1994 ተቀብላለች።

«ሊገድለኝ የመጣውን ጠላት ስለምን አክማለሁ?» የሚል ወታደር ይኖር ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. ሲያበቃ በየካምፑ በተጠለሉት የቀድሞው ሠራዊት ወታደሮች ዘንድ ግርሻ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ እንደነበረ ሐኪሞች መዝግበዋል። ግርሻንም የምታስተላልፈው ያችው ቅማል ናት። ምርኮኛውን ያላከመ ሠራዊት ጠባቂውን ያሳምማል።

«ሕጉስ መቼ ተከበረ?» የሚልም አይጠፋም። ጣሊያን የመርዝ ጋዝና የተሕዋስያን መሣሪያን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ከተቀበለች በኋላ በ1928 ዓ.ም. በሠራዊታችንና በሕዝባችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዝንባለች፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወርም መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጓድ በአውሮፕላን ደብድባለች። ነገር ግን ያንን ግፍ በዓለም ሸንጎ የከሰስነው ይህንኑ ሕግ ይዘን ነው። በእኛ ላይ ሲፈጸም ወንጀል ያልነውን፣ እኛ ስንፈጽመው የጦር ስልት ልንለው ከቶ አንችልም።

ከጎረቤት ሱዳን የተገኘውም ምሳሌ ሊዘነጋ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1995 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ባደረጉት ሽምግልና ተፋላሚዎቹ ለስድስት ወር ያህል ተኩስ አቁመው፣ የጤና ሠራተኞች የጊኒ ዎርምን በሽታ ለመዋጋት ወደ መንደሮቹ ገብተዋል፤ የውኃ ማጣሪያ አድለዋል፣ ሕፃናትን ከትበዋል። ጦርነቱ በዚያ አላበቃም፤ ቢሆንም በሌላው ሁሉ ያልተስማሙ ወገኖች በበሽታ ላይ ሊስማሙ እንደሚችሉ ታይቷል።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ የጦር ክፍል የሚጠበቀው የታወቀ ነው። የውኃ ጉድጓድ አይበከል፤ ጤና ጣቢያ ምሽግ አይሁን፤ በአምቡላንስ ጥይት አይጫን። ምርኮኛ ሲገባ ልብሱ ይቀቀል፣ ትኩሳት ያለበትም ለብቻው ይተኛ። የሰፈሩ መጸዳጃ ከውኃ መቅጃው ይራቅ። የከተማው ነዋሪም የታመመውን ዘመድ ወይም እንግዳ በቤቱ ከመደበቅ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ያድርስ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያደረገውንም ሠራተኛ የማን ወገን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያሳልፍ። ይህን ማወቅና መፈጸም መሣሪያን እንደመወልወል ያለ የዘወትር ግዳጅ መሆኑን ወታደሩም ሕዝቡም ሊገነዘበው ይገባል።