ቆጥሮ መስጠት፣ አርሞ መቀበል

መምህራን የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ ጥያቄና ሥዕል በስልክ መቀባበላቸው እሰየው የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ሳያነቡ ማስተላለፍ ማካፈል አይባልም። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላነሣ የወደድሁት ይህችን ነጥብ ነው። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ቀን የባንክ ሠራተኛ፣ ማታ ግጥም ሞካሪ ነኝ። ቢሆንም የአገሬ ልጆች የሚማሩት ነገር ይገደኛልና ብዕሬን አነሣሁ።

አስቀድመን ልውውጡ እንዴት እንደተስፋፋ እናስታውስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ተሻገረ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስፋት ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን ያገኘው በሶፍት ኮፒ ነበር፤ የታተመው ቶሎ አልደረሰምና። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ያን ጊዜ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ አስቀድሞ ያወረደውን መጽሐፍ በፍላሽ የያዘ መምህር እንደ ቤተ መጻሕፍት የሚቆጠር ነበር።

ስለዚህ ስጦታውን አላቃልልም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ የፊዚክስ መልስ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳየው አይታወቅም። ስሕተት ካለበት ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናንና ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ እስኪደርስ የሚያስቆመው የለም። በእኛ ሥራ አንዱ ያዘጋጀውን ሰነድ ሌላው ሳያጣራና ሳይፈርምበት ገንዘብ አይከፈልም። ለብር የምንጠነቀቀውን ያህል ለልጅ ዕውቀት አለመጠንቀቃችን ይገርመኛል።

መፍትሔውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው አድባራት በአንዱ፣ የቅኔ ተማሪ የሚያድገው በቆጠራና በነገራ ነው። ቅኔውን ብቻውን ሲቆጥር ይቆይና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ይሞላሉ፣ የተጣመመውን ያቃናሉ። ከጉባኤ ቃና እስከ ዘረፋ ያለው መንገድ በሙሉ እንዲህ በመንገርና በመታረም የሚታለፍ ነው። የሌላውን ቅኔ መስማት ትምህርት ነው፤ የሰሙትን እንዳለ ደግሞ ማቅረብ ግን «ተቀኘ» አያሰኝም።

ተቃራኒውንም አይተናል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው «ፕላዝማ» አንዱን ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት፣ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ያሰራጭ ነበር። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል ስክሪኑ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ለመምህሩም የተተወለት በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ነበር። የደረሰንን ሳናላምጥ የምናስተላልፍ ከሆነ ያንኑ ፕላዝማ በገዛ እጃችን በኪሳችን መያዛችን ነው።

ጥሩ ነገርማ ሞልቷል። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት «ፌት» የሳይንስ ሙከራዎችን በስክሪን ላይ ያሠራል፤ በነፃ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው። ሆኖም ያየውን ከቤቱ አምፖል ጋር አገናኝቶ ለቢቸና ልጅ የሚያስረዳው መምህሩ ነው። ስለ አፈር መሸርሸር የባዕድ አገር ሥዕል ከመላክ በፊትም ጮቄ ከራስጌያችን ቆሟል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ በየወንዙ ወደ ዓባይ ሲወርድ ተማሪው በዓይኑ ያየዋል።

እናም የምለው አጭር ነው። የሚያካፍል መምህር ስሙን፣ የክፍል ደረጃውንና ቀኑን ይጻፍበት። የተቀበለው አንብቦ ያገኘውን ግድፈት ለሰጪው ይመልስ፤ ከአካባቢውም አንድ ምሳሌ ይጨምርበት። ስልክ ለሌለው ተማሪ አንድ ቅጂ ታትሞ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። «ደመወዙ ወር ሳያደርስ፣ ክፍሉ በተማሪ ታጭቆ፣ ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል መምህር ይኖራል፤ እውነት አለው። ነገር ግን አሥር መምህራን ምዕራፍ ምዕራፉን ተከፋፍለው ቢያርሙ የእያንዳንዳቸው ሸክም ይቀልላል። ሁሉም ለየብቻው አንድ ዓይነት ማስታወሻ ሲያዘጋጅ ከሚባክነው ሌሊት ይህ ይሻላል።

ትምህርት ተቋርጦበት የባከነው ጊዜ ለማይመለስለት ልጅ የተሳሳተ ገጽ መስጠት ቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ ነው። «ቅኔው ሲጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት» እንዳይሆንብን፣ የምንልከው ይነስ፤ የላክነው ግን የታየ ይሁን።