የመኪናውም ጣራ አሸንዳ አለው



ክረምት ሲቃረብ አባወራው መሰላል አስደግፎ የቤቱን አሸንዳ ይጠርጋል። ቅጠልና አፈር የሞላው አሸንዳ ውሃውን ወደ በርሜሉ ሳይሆን ወደ ግድግዳው እንደሚልከው ሁላችንም እናውቃለን። ደጅ የቆመችው መኪናም አሸንዳ እንዳላት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሳንሩፍ የምንለው፣ በጣራ ላይ የሚከፈተው መስኮትና የውሃ መውረጃ ቱቦዎቹ።

«ሳንሩፍ የሀብታም ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሳንሩፍ ካላቸው መኪኖች ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገሉ ሆነው የመጡ፣ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን አውጥቶ የገዛቸው ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት የግድ ሆኗል። በተለይ ከባሕረ ሰላጤው የመጣ መኪና ቱቦው በደቃቅ አሸዋ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። እዚያ ዝናብ ብርቅ ስለሆነ ችግሩ ሳይታወቅ ይቆይና የእኛ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ይገለጣል።

ለመሆኑ ውሃው ከየት ይገባል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ውሃን ፈጽሞ እንዲከለክል ተደርጎ የተሠራ አይደለም። አብዛኛውን ይመልሳል፤ የቀረው ጥቂት ውሃ ግን በጎሚኒው ጠርዝ ሾልኮ ይገባል። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን ቦይ አበጅተውለታል። በቦዩ ማዕዘኖች፣ በአብዛኛው በአራቱም፣ ቀዳዳዎች አሉ። ከቀዳዳዎቹ የሚነሱ ከትንሽ ጣት የማይወፍሩ ቱቦዎች ውሃውን ይዘው ይወርዳሉ። የፊቶቹ በፊት መስታወት ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ አልፈው በፊት በር ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋላዎቹ በኋላ ምሰሶዎች ወርደው በኋላ ጎማ ወይም በኋላ መከላከያ አካባቢ ያበቃሉ።

እንግዲህ ቱቦው ሲደፈን ቦዩ ይሞላል፤ ሞልቶም ወደ ውስጥ ይፈሳል። ጥድ ሥር ወይም የአበባ ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ለዚህ ቅርብ ነው። ምልክቶቹም የሚከተሉት ናቸው። ከጣራው መብራት ወይም ከፀሐይ መከለያው አጠገብ ጠብታ ይወርዳል። የጣራው ጨርቅ በማዕዘኑ ይጠቁራል። ፍሬን ሲያዝ ወይም መኪናው ሲታጠፍ ከራስ በላይ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ከእግር ሥር ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፤ መስታወቶቹ ጠዋት ጠዋት ከውስጥ ጉም ይለብሳሉ፤ መኪናው የታፈነ ሽታ ይሸታል።

ታዲያ ብዙዎች ይህን ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? ሲልከን ገዝተው የመስታወቱን ዙሪያ ይለጥፋሉ። አንድ የምናውቀው ቤተሰብ በአንድ ጋራዥ ምክር እንዲሁ አስደረገ። ሳንሩፉ ከዚያ ወዲያ መከፈት አቆመ። ሲልከኑ በፀሐይ ሲሰነጠቅ ውሃው ተመልሶ ገባ፤ የተደፈነው ቱቦ እንደተደፈነ ነበርና። በመጨረሻ ምንጣፉ ሥር ያሉ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎች ዝገው የመኪናው በሮች በራሳቸው መቆለፍና መከፈት ጀመሩ። ሲልከኑን ለመፋቅ፣ ቱቦውን ለማጽዳትና ሽቦውን ለመጠገን የወጣው ወጪ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ሆነ። አሸንዳው የተደፈነበት ሰው ቆርቆሮውን ቢለጥፍ ምን ይጠቅመዋል?

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር የቮልስዋገንና የአውዲ ባለንብረቶች ሳንሩፋቸው ውሃ በማስገባቱ ያነሱት የጋራ ክስ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ተሰጥቶበታል።

ማጽዳቱ ግን አባትና ልጅ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

አንደኛ፦ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመን ሳንሩፉን እስከ መጨረሻው እንክፈት። በዙሪያው ያለውን ቦይ በእርጥብ ጨርቅ እንጥረግ። ቆሻሻውን ወደ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ ውጭ እናውጣው።

ሁለተኛ፦ ቀዳዳዎቹን እንፈልግ። የፊቶቹ በማዕዘኑ በግልጽ ይታያሉ። የኋላዎቹ ግን በብዙ መኪኖች መስታወቱ ሲከፈት ከሥሩ ስለሚደበቁ ከታች በኩል መፈለግ ይቀላል።

ሦስተኛ፦ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ በአንደኛው ማዕዘን ቀስ ብለን እናፍስስ። አንዱ ሲያፈስ ሌላው ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ይመልከት። ውሃው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መሬት ላይ ከፈሰሰ ቱቦው ደህና ነው። ቦዩ ውስጥ ከቆመ ተደፍኗል። ከቦዩ ጠፍቶ መሬት ላይ ካልታየ ግን ቱቦው ወልቋል ወይም ተቀዷል፤ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነውና ማፍሰሱን ወዲያው እናቁም።

አራተኛ፦ ለተደፈነው ቱቦ ወፍራም የናይለን ክር፣ ለምሳሌ የሣር ማጨጃ ማሽን ክር፣ እንጠቀም። ቱቦውን እንዳይወጋ ጫፉን በእሳት አቅልጠን እናድቦልቡለው። ከላይ አስገብተን እያሽከረከርን በዝግታ እንግፋ። የብረት ሽቦ ግን አይሞከር፤ ቱቦውን ይቀዳል።

አምስተኛ፦ ብዙ ቱቦዎች በታችኛው ጫፋቸው የጎማ አፍ አላቸው። ጭቃው የሚከማቸው በአብዛኛው እዚያ ነው። በጣት ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጉት ይወርዳል።

ስድስተኛ፦ እምቢ ካለ ከታች በኩል በአቧራ መምጠጫ ማሽን መሳብ ይቻላል። ጎሚስታ ቤት ሄዶ በኮምፕሬሰር በኃይል ማስነፋት ግን አደገኛ ነው፤ ነፋሱ ቱቦውን በጣራው ውስጥ ከመጋጠሚያው ሊያወልቀው ይችላል። ላቫጆ ስናሳጥብም የግፊት ውሃው በሳንሩፉ ጠርዝ ላይ እንዳይተኮር እንንገራቸው።

ቱቦው ወልቆ ከሆነ የምሰሶውን ሽፋን ራሳችን አንንቀል። በብዙ መኪኖች በዚያ መስመር የራስ መከላከያ ኤርባግ አለ። ባትሪውን ፈትቶ በጥንቃቄ ለሚሠራ ባለሙያ እንስጠው። አራቱም ቱቦዎች ደህና ሆነው ምንጣፉ አሁንም ከረጠበ ደግሞ ሌላ መንስኤ እንፈልግ፤ የፊት መስታወቱ ማጣበቂያ፣ የበሩ ውስጠኛ ላስቲክ ወይም የማቀዝቀዣው ውሃ መውረጃ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የዝናብ ውሃ ሳይሆን የራዲያተር ፈሳሽ ነው።

ቱቦው ቢከፈትም ሥራው አላለቀም። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዞ ለሳምንታት ይቆያል፤ ላዩን በእጅ ሲነኩት ደረቅ ቢመስልም ሥሩ እርጥብ ነው። ምንጣፉን ማንሳት፣ ስፖንጁን ጨምቆ በሮቹን ከፍቶ በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ካልደረቀ ወለሉ ይዝጋል፤ ሻጋታም ይበቅላል። የሻጋታ ሽታ አስም ያለበትን ልጅ ያሳምማል። ልጆቻችንን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የምናደርስበት መኪና መሆኑን አንርሳ።

አንድ ነገር እንጨምር። ውሃ የሚያስገባ መኪና በጋ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ሳንሩፍ ያለው መኪና የምትገዙ ወንድሞችና እህቶች ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ሙከራውን አድርጉ፤ የምንጣፉንም ጥግ ገልጣችሁ አሽትቱ። የምትሸጡም ዐይቡን እያወቃችሁ ሽቶ ረጭታችሁ አትሸፍኑት። የሚያውቁትን ጉድለት ለገዢ መናገር ግዴታ ነው።

ቱቦዎቹን በዓመት ሁለት ጊዜ መጎብኘት ይበቃል፤ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ። የቤታችንን አሸንዳ ለመጥረግ መሰላሉን በምናወጣበት ቀን የመኪናውንም አብረን እንጥረግ።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ያቆየን። ወሰላሙ ዐለይኩም!