ዓሣ ነው ወይስ ሌላ?

አንዲት አንባቢያችን እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦ «እጮኛዬ ያለው ሲያትል ነው። በፈረንጆቹ 2024ም 2025ም ነሐሴ ሲገባ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን አያነሳም። ስጠይቀው ‹ፒንክ ሳልሞን እያጠመድኩ ነበር› ይለኛል። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን?»

እህቴ፣ ቶሎ አትፍረጂ። አንቺ ጋ ከሰዓት 10 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ገና እየነጋ ነው፤ ሳልሞን ደግሞ ማለዳ ጥሩ ይያዛል። ባህሩ ላይ በተዘረጋው ድልድይ ቆሞ መንጠቆውን መወርወር፣ መሳብ፣ እንደገና መወርወር ነው። ስልክ የሚያነሳ እጅ የለውም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሲያትል አካባቢ ፒንክ ሳልሞን በብዛት የሚመጣው በፈረንጆቹ ጎዶሎ ዓመት ነው። የ2025ቱን እንመነው፤ የ2024ቱ ጥያቄ አለበት። ኮሆ የሚባለው ሳልሞን ግን በየዓመቱ ስለሚመጣ ስሙ ተምታቶበትም ይሆናል። ሳትቆጪ «የትኛውን ነበር የምታጠምደው?» በይው።

ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም። እሱ ጋ ሲመሽ አንቺ ጋ ይነጋል። ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱ ከገባ በኋላም ካልደወለ፣ ጥፋቱ የዓሣው አይደለም።