ለጎርዮ አላለቅስም

የፈረንሳዊውን ደራሲ የኦኖሬ ደ ባልዛክን «አባባ ጎርዮ» ያነበበ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምሰማው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ «ልጅ ምን ያደርጋል!» ይባላል። ቀጥሎ ለምስኪኑ ሽማግሌ ይታዘንለታል፣ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ይረገማሉ፣ በመጨረሻም ከንፈር ተመጥጦ መጽሐፉ ይዘጋል። መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ሐያሲ ነኝ ባዩም ከዚህ ፍርድ ፈቀቅ ሲሉ አላየሁም። እኔ ግን በዚህ ለቅሶ አልቀመጥም። ጎርዮ የልጆቹ ሰለባ ከመሆኑ በፊት ልጆቹ የእሱ የእጅ ሥራ ናቸው። እንባችንም ባልዛክ ሊያሳየን የደከመበትን ትልቁን ነገር ጋርዶብናል ባይ ነኝ።

ታሪኩን ለዘነጋው ላስታውስ። ልብ ወለዱ በመጽሐፍ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1835 ሲሆን፣ የሚተርከው ከ1819 መገባደጃ እስከ 1820 መጀመሪያ ስለነበረው የፓሪስ ኑሮ ነው። በማዳም ቮኬር የደከመ ፓንሲዮን ውስጥ ሦስት ሰዎች በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። አንደኛው ከገጠር የመጣው፣ ዘሩ የመኳንንት ኪሱ ግን የድኻ የሆነው የሕግ ተማሪ ኤዥን ደ ራስቲኛክ ነው። ሁለተኛው ቮትረን ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ነገር ግን ከእስር ያመለጠ ወንጀለኛ። ሦስተኛው ንግዱን የተወው የዱቄትና የፓስታ ነጋዴ ጎርዮ ነው። ጎርዮ ሲመጣ በዓመት 1,200 ፍራንክ ይከፍል ስለነበር «ሙሴ ጎርዮ» ተብሎ ተከበረ። ገንዘቡን ለልጆቹ እያፈሰሰ ወደ ርካሹ ክፍል ሲወጣ ጊዜ ግን «አባባ ጎርዮ» ሆነ። በእኛ ቋንቋ «አባባ» የክብር ጥሪ ነው። እዚያ ቤት ግን የኪሱ መሳሳት ያተረፈለት የንቀት ስም ነበር።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ? አልቃሾቹ የማይጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው። ጎርዮ ተራ ሠራተኛ ነበር። አሠሪው በ1789 ሁከት መሐል ሲሞት ንግዱን ገዝቶ ያዘ። በአብዮቱ ዘመን እህል በጠፋ ጊዜ ዱቄቱን በገዛበት ዋጋ ዐሥር እጥፍ ሸጠ። የሰፈሩ የአብዮት ምክር ቤት ሊቀ መንበር መሆኑም ለንግዱ ከለላ ሆነለት። የሀብቱ መሠረት ይኸው ነው።

ባልዛክ ይህን በጥቂት መስመሮች ነግሮን ያልፋል። ጠግቦ ያደረ አንባቢም አብሮት ቢያልፍ አይገርመኝም። እኛስ እንዴት አለፍነው? በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱን እና የ1977ቱን ረኀብ በዓይኑ ያየ ወይም ካዩት ሰዎች ሲሰማ ያደገ፣ እህል ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ነጋዴን ሲረግም የሚውል ሰው፣ «ዐሥር እጥፍ» የሚለው ቃል እንዴት ጉሮሮው ላይ አይሰነቀርበትም?

ቮትረን ለራስቲኛክ የኑሮን ትምህርት ሲሰጠው፣ ምንጩ በማይታይ ትልቅ ሀብት ሥር የተረሳ ወንጀል እንዳለ ይነግረዋል። ሐያስያን ይህን ንግግር እየጠቀሱ ስለ ባንክ ባለቤቶችና ስለ መሳፍንት ይተነትናሉ። የንግግሩ ምስክር ግን እዚያው ገበታ ላይ ሾርባውን በዝምታ ይጠጣል! በሌላ ስፍራ ራስቲኛክ የሕክምና ተማሪውን ጓደኛውን ቢያንሾንን ይጠይቀዋል፦ ከፓሪስ ሳትንቀሳቀስ፣ በሐሳብህ ብቻ፣ በሩቅ ቻይና የሚኖር አንድ ሽማግሌ ሹም ገድለህ ባለጠጋ የምትሆን ቢሆን ምን ታደርግ ነበር? ቢያንሾን ሹሙ በሕይወት ይኑር ብሎ ይፈርዳል። ጎርዮ ግን ይህን ጥያቄ ሁለቱ ተማሪዎች ሳይወለዱ በተግባር መልሶታል። ያውም የእሱ ሰው ሩቅ አገር አልነበረም፤ ዳቦ ቤት በር ላይ የተሰለፈ የገዛ ጎረቤቱ ነበር።

በዚያ ገንዘብ ልጆቹን እንዴት አሳደጋቸው? ሚስቱ ከሞተች በኋላ ፍቅሩን ሁሉ በአናስታዚና በዴልፊን ላይ አፈሰሰ። ፈረስና ሠረገላ ገዛላቸው፤ ያማራቸውን ሁሉ አቀረበላቸው። በምላሹ የሚፈልገው መሳምና መዳበስ ብቻ ነበር። ሲድራቸውም፣ እንደ ራሱ አነጋገር፣ ለእያንዳንዳቸው ወደ 800,000 ፍራንክ የሚጠጋ ገንዘብ አስይዞ አንዷን ለኮንት ደ ሬስቶ፣ ሌላዋን ለባለባንኩ ለባሮን ደ ኑሲንገን ሰጠ። በዚያ ቤት ፍቅር የሚነገርበት ቋንቋ ገንዘብ ብቻ ነበር። ልጆቹ ያንን ቋንቋ ከአባታቸው አፍ ተማሩት። «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይሏል ይኼ ነው።

ይህም አልበቃውም። ባለ ትዳሯ ዴልፊን ከራስቲኛክ ጋር የምትገናኝበትን ቤት ለማደራጀት የቀረውን የገቢ ሰነዱን ሸጠ፤ ለራሱም ከእነሱ በላይ አንዲት ክፍል አሰበ። ልጁን በየቀኑ ለማየት ሲል የድብቅ ፍቅሯ ደላላና ከፋይ ሆነ ማለት ነው። እስቲ ይህን የትኛው የአባትነት ሕግ ይፈቅደዋል?

«ደራሲው ራሱ ከክርስቶስ ጋር አመሳስሎት የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አመሳስሎታል። ለአናስታዚ ዕዳ ሲል በሌሊት የብር ዕቃውን በእጁ ሲጨፈልቅ የምናየው ሰው ፍቅሩ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ደራሲው ከለጠፈው ስም ይልቅ የተረከው ታሪክ ይበረታል። ያውም ጎርዮ ራሱ በሞት አልጋው ላይ ሲረግምና ሲመርቅ ቆይቶ፣ ገንዘቡን ይዞ ቢቆይ ኖሮ ልጆቹ ከአጠገቡ እንደማይጠፉ፣ ያበላሻቸውም እሱ እንደሆነ ይናገራል። ከአልቃሾቹ ይልቅ ሟቹ ለእውነት ቀርቧል!

የወላጅ ፍቅር ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ የራስቲኛክን እናት ይመልከት። ልጇ ለምን እንደሚፈልገው ሳያብራራ 1,200 ፍራንክ ሲጠይቃት ጌጧን ሸጣ ላከችለት፤ እኅቶቹም ያጠራቀሟትን ጨመሩበት። እናትየዋ ግን ገንዘቡን ስትልክ አብራ ጠየቀችው፤ ጠማማ መንገድ መልካም እንደማያደርስም አስጠነቀቀችው። ሰጠች፣ ነገር ግን ልጇን በስጦታዋ አልገዛችውም። ለእሷ ያለቀሰ አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህን ስል ለልጆቹ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ዴልፊን አባቷ እያጣጣረ ወደ ማዳም ደ ቦሴያን ጭፈራ ሄዳለች። ለቀብሩም የሁለቱ ቤቶች ባዶ ሠረገላዎች እንጂ ልጆቹ አልመጡም። የቀብሩን ወጪ የሸፈኑት ሁለቱ ድኻ ተማሪዎች ናቸው። ራስቲኛክ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ጉርሻ የሚሰጠው አጥቶ ከፓንሲዮኑ አሽከር 20 ሱ ተበደረ። ግን ልብ በሉ፣ ዴልፊንን አጅቦ ወደ ጭፈራው የወሰዳትም ይኸው ራስቲኛክ ነው። ከመቃብሩ ኮረብታ ሆኖ በፓሪስ ላይ ከዛተ በኋላም ያመራው እሷ ዘንድ ወደ እራት ነው። በኋለኞቹ የባልዛክ ድርሰቶች ሚኒስትር ሆኖ እናገኘዋለን፤ በፈረንሳይኛም ስሙ የሥልጣንና የሀብት አሳዳጅ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከጎርዮ ታሪክ የተማረው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፦ ከሚከፍለው ወገን አለመሆን።

ለዚህ ነው ለቅሶውን የምቃወመው። «ክፉ ልጆች!» ባልን ቁጥር ሌላው ሁሉ በነፃ ይለቀቃል። በረኀብ የነገደው ነጋዴ ይለቀቃል። የሚስቱን ገንዘብ በመሬት ንግድ አስሮ የያዘው ኑሲንገን ይለቀቃል። በሽማግሌው ገንዘብ ያጌጡትን ልጆች ተቀብሎ ሽማግሌውን በጓሮ በር የሚያስገባው ከፍተኛው ኅብረተሰብም ይለቀቃል። ልጅን መርገም ርካሽ ነው፤ አንባቢን ምንም አያስከፍለውም። የሚያስከፍለው፣ የሚወደው ሽማግሌ ከየት አምጥቶ እንደሰጠ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለጎርዮ ማልቀስ የሚሻ ያልቅስ፣ አልከለክልም። እኔ ግን ማዘን ካለብኝ የማዝነው ያንን ዱቄት በዐሥር እጥፍ ገዝተው ልጆቻቸውን ላበሉት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም።